ጥቁር መኪና ያለ ነጭ ነጠብጣብ እንዲደርቅ፦ ስለ መጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ

ጥያቄው፦ «መኪናዬ ጥቁር ነው፤ ቤት ውስጥ ራሴ አጥበዋለሁ። ሳሙናውን በደንብ አለቅልቄ ጥላ ውስጥ ባቆመውም፣ ሲደርቅ ኮፈኑና መስታወቶቹ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይቀራል። ውሃው ከባድ ነው ስለተባልኩ የውሃ ማለስለሻ አስገጠምኩ፤ የደለል ማጣሪያም ጨመርኩበት። ለውጥ የለም። ቀለሙን በጨርቅ መንካት ስለማልወድ፣ አለቅልቄ እንደተውኩት ያለ ምልክት እንዲደርቅልኝ እፈልጋለሁ። ምን ጎደለኝ?»

ያስገጠሙት ማለስለሻ ሥራውን በትክክል እየሠራ ሊሆን ይችላል። ሥራው ግን እርስዎ የፈለጉት አይደለም። አጭሩ መልስ የሚከተለው ነው፦ ሳይነካ ያለ ምልክት የሚደርቀው፣ በውስጡ የሟሟ ነገር እጅግ ጥቂት የሆነ ውሃ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ውሃ የሚያስፈልግዎት ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ነው፤ ለዚያውም ጥቂት ሊትር። ሳሙናውን ለመበጥበጥና ጭቃውን ለማውረድ የቧንቧው ውሃ ምንም አይጎድለውም። የቀረው ጥያቄ እነዚያን ጥቂት ሊትሮች ከየት እንደሚያገኙና እንዴት እንደሚያፈስሱ ነው። ብዙ ሰው ለመጀመሪያው ገንዘቡን ያወጣና ሁለተኛውን ይዘነጋዋል።

መኪናው ላይ የሚያዩት ነጭ ነገር ውሃው ተንኖ ሲሄድ ጥሎት የሄደው ማዕድን ነው። የቧንቧ ውሃ፣ በተለይ ከመሬት ውስጥ የሚወጣው፣ ዓለት ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ሶዲየም፣ ክሎራይድ፣ ሰልፌትና ሲሊካ (አሸዋና መስታወት በዋናነት የተሠሩበት ነገር) ይዞ ይመጣል። እነዚህ ውሃው ውስጥ ሟሟተው ስለሚገኙ ዐይን አያያቸውም። ካልሲየሙ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ባይካርቦኔት ከተባለው ውህድ ጋር ነው። ጠብታው ሲደርቅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወደ አየር ይወጣል፤ የሚቀረው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ማለትም የኖራ ድንጋይ። ውሃ ማፍያ ዕቃ ውስጥ የሚጋገረው ቅርፊትም ይኸው ነው።

ምልክቱ ብዙ ጊዜ መሐሉ ባዶ የሆነ ቀለበት የሚመስለው ለምን እንደሆነም ልጨምር፤ ጠብታን እንዴት ማሸነፍ እንደሚቻል ይጠቁማልና። ጠብታ ሲደርቅ ጠርዙ ባለበት ይያዛል። ጠርዙ ላይ ያለው ውሃ ቶሎ ስለሚተን፣ ከመሐል ያለው ውሃ የጎደለውን ለመተካት ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ የያዘውንም ነገር ሁሉ ጠርዙ ላይ ያከማቻል። ይህን በ1997 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አብራርተውታል። ለእኛ የሚያስተላልፈው ነገር ግልጽ ነው፤ ያው መጠን ያለው ማዕድን በስሱ ተዘርግቶ ቢደርቅ ላይታይ ይችላል፤ ጠብታ ሲሆን ግን በቀጭን መስመር ላይ ተሰብስቦ ዐይን ይወጋል። ስለዚህ ጦርነቱ በሁለት ግንባር ነው፦ ውሃው የሚሸከመውን ማዕድን መቀነስ፣ እንዲሁም ብረቱ ላይ የሚቀረውን ጠብታ መቀነስ።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በውሃ ውስጥ የሟሟው ነገር በሚሊግራም በሊትር ይለካል፤ የኪስ መለኪያዎች ላይ «ፒፒኤም» ተብሎ የሚጻፈውም በተግባር ያው ነው። የእርስዎ ውሃ 300 ቢሆንና ካለቀለቁ በኋላ መኪናው ላይ ግማሽ ሊትር ውሃ ቢቀር፣ ሲደርቅ 150 ሚሊግራም ጠጣር ይቀራል። ግማሽ ሊትር ማለት ወደ 10,000 ጠብታ ነው። በሌላ አነጋገር 150 ሚሊግራም ነጭ ዱቄት በ10,000 ቦታ ተከፋፍሎ ጥቁር ቀለም ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ውሃው 10 ሚሊግራም በሊትር ቢሆን ኖሮ ጠቅላላው 5 ሚሊግራም ብቻ ይሆን ነበር፤ ያን ያህሉን ለማየት ፀሐይን በጎን አስመትቶ መፈለግ ያስፈልጋል።

ወደ ማለስለሻው ልመለስ። ማለስለሻ ከባድ የሚያሰኙትን ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዞ በምትካቸው ሶዲየም ይለቅቃል። መለዋወጥ እንጂ ማስወገድ አይደለም። እንዲያውም በክብደት ሲታይ 100 ሚሊግራም ካልሲየም ተቀብሎ ወደ 115 ሚሊግራም ሶዲየም ይመልሳል። በውሃው ውስጥ ያለው ጠቅላላ የሟሟ ነገር አልቀነሰም፤ በጥቂቱ ጨምሯል። የሚቀረው ምልክት ዐይነቱ ይለያል፦ የካልሲየሙ ቅርፊት ሲጠነክር ብረት ላይ የሚጣበቅ ነው፤ የሶዲየሙ ግን በእርጥብ ጨርቅ አንዴ ሲነካ ይለቅቃል። ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም። እርስዎ ግን በጨርቅ መንካት አልፈልግም ስላሉ ለዓላማዎ አይረዳዎትም። የደለል ማጣሪያው የሚይዘው አሸዋና ዝገት ነው፤ የከሰል ማጣሪያ ደግሞ ክሎሪንና ሽታ ይቀንሳል። የሟሟ ጨው በሁለቱም ውስጥ እንደ ልቡ ያልፋል። በቱቦ ላይ የሚታሰሩ ማግኔቶችም ከውሃው ውስጥ አንድ ሚሊግራም አያወጡም፤ ሻጩ የፈለገውን ይበል። ውሃ ማፍላትም እንደዚሁ ነው፤ የተወሰነ ካልሲየም ካርቦኔት ዕቃው ግድግዳ ላይ ይጋገራል እንጂ የተቀረው ጨው ውሃው በተነነ ቁጥር ይበልጥ እየተከማቸ ይሄዳል።

ሌላ ነገር ከመግዛትዎ በፊት ያለዎትን ይወቁ። አንድ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ንጹሕ መስታወት አግድም ያስቀምጡ። ከቧንቧው፣ ከማለስለሻው ቀጥሎ ካለው መስመር፣ ከዝናብም ቢሆን፣ ከባትሪ ውሃም ቢሆን፣ ያገኙትን ሁሉ አንድ አንድ ጠብታ በየተራ ያንጠባጥቡበት፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይጻፉ፤ በራሱ እንዲደርቅ ይተዉት። ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ፣ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ እውነት የሚነግርዎት ፈተና ነው። ከዚያ ቁጥር ከፈለጉ ቲዲኤስ መለኪያ የሚባለውን ትንሽ ዕቃ ይግዙ። የሚለካው የውሃውን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታ ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ የሟሟውን ጨው መጠን ይገምታል። ግምቱ ለእኛ ሥራ ይበቃል። አንድ ቀዳዳ ግን አለበት፦ ሲሊካ በተለመደው ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ መለኪያው አያየውም። ይህን ያስታውሱት፤ ኋላ ላይ ይጠቅመናል።

ስንት ቢሆን ይበቃል? ለጥቁር መኪና፣ ሳይነካ እንዲደርቅ ከተፈለገ፣ እኔ የምመክረው ከ10 በታች ነው። ከ10 እስከ 20 ባለው ውስጥ ነጭ ወይም ብርማ መኪና ምንም አይታይበትም፤ ጥቁሩ ላይ ግን በጎን ብርሃን ጥላ ሊቀር ይችላል። ከ50 በላይ ከሆነ ሳይነኩ ማድረቅን ይርሱት።

ይህን ውሃ ለማግኘት ለቤት የሚመቸው ዋናው መንገድ በድብልቅ ሬዚን የተሞላ ጣሳ ነው። ሬዚን የሚባሉት ትናንሽ የፕላስቲክ ኳሶች ናቸው። ግማሾቹ እንደ ካልሲየምና ሶዲየም ያሉትን ይዘው ሃይድሮጅን ይለቅቃሉ፤ ግማሾቹ እንደ ክሎራይድና ሰልፌት ያሉትን ይዘው ሃይድሮክሳይድ ይለቅቃሉ። የተለቀቁት ሁለቱ ተገናኝተው ውሃ ይሆናሉ። ከማለስለሻው የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ በተያዘው ጨው ምትክ ሌላ ጨው አይመለስም። ከጣሳው የሚወጣው ውሃ ብዙ ጊዜ ከ0 እስከ 2 ያነብባል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ውሃ አያባክንም፣ ቱቦ ላይ ተሰክቶ ወዲያው ይሠራል።

የሬዚን እንከኑ ማለቁ ነው፤ ሰዎች የሚማረሩበትም በዚሁ ነው። 1 ሊትር ድብልቅ ሬዚን በተግባር ከ20 እስከ 25 ግራም ገደማ የሟሟ ጨው ይይዛል ብለው ይገምቱ። ውሃዎ 300 ከሆነ 10 ሊትር ሬዚን የያዘ ጣሳ ከ670 እስከ 830 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይሰጥዎታል ማለት ነው። መኪናውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዚህ ውሃ ካጠቡ፣ በአንድ እጥበት 200 ሊትር ቢፈስ፣ በአራተኛው ጊዜ ሬዚንዎ አበቃ። ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ብቻ 30 ሊትር ከተጠቀሙ ግን ያው ጣሳ ከ20 ጊዜ በላይ ያገለግላል። «ሬዚን ውድ ነው፤ ቶሎ ያልቃል» የሚል ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ሳሙናውን በምን ውሃ እንደሚያጥብ ነው። ስለዚህ ከቧንቧው ሁለት መንገድ ያውጡ፤ አንዱ በቀጥታ፣ አንዱ በሬዚኑ በኩል። በመክፈቻና መዝጊያ ይቀያይሯቸው። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሬዚኑ ሲያልቅ እንዴት ይታወቃል? መለኪያው ከ0 ተነሥቶ 5፣ ከዚያ 10 ማለት ይጀምራል፤ አንዴ መውጣት ከጀመረ በፍጥነት ይወጣል። ይሁን እንጂ መጀመሪያ የሚያመልጠው በደካማው የተያዘው ነው፤ ከእነዚያም አንዱ ያ መለኪያው የማያየው ሲሊካ ነው። መለኪያው ገና 3 እያነበበ ሳለ መስታወቱ ላይ ስስ ነጭ ጥላ ካዩ ተጠያቂው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ወደ 10 ሲጠጋ ሬዚኑን ይለውጡ እንጂ 50 እስኪደርስ አይጠብቁ። ውሃው በጣሳው ውስጥ በጣም ከፈጠነም ሬዚኑ ሥራውን ለመሥራት ጊዜ አያገኝም። አንዳንዱ «አዲስ ሬዚን ሞልቼ 15 ያነብባል» ይላል፤ ፍጥነቱን ቢቀንስ ይስተካከልለታል። ጣሳውን ሁልጊዜ እርጥብ አድርገው፣ ከፀሐይና ከውርጭ ርቆ ያኑሩት። አብዛኞቹ ጣሳዎች የማያቋርጥ የቧንቧ ግፊት እንዲሸከሙ ስላልተሠሩ ሥራ ሲጨርሱ የሚዘጉት ከጣሳው በፊት ያለውን ቧንቧ ነው። ከጣሳው በኋላ ያለውን ብቻ ዘግተው ከሄዱ ግፊቱ በሙሉ ጣሳው ላይ ያርፋል።

ሪቨርስ ኦስሞሲስ ሁለተኛው መንገድ ነው። ውሃውን በግፊት በጣም ጥቃቅን ቀዳዳ ባለው፣ ሜምብሬን በሚባል ስስ ሽፋን ያሳልፈዋል፤ ከሟሟው ነገር ከ90 እስከ 98 በመቶ ያህሉን ያስቀራል። ሰው ያልነካው መኪና ያለ ነጠብጣብ ይደርቃል የሚሉት የክፍያ ማጠቢያዎች በአብዛኛው የሚጠቀሙት ይህንን ነው። ቤት ውስጥ ግን ቀርፋፋ ነው፤ ለመጠጥ የሚሸጡት ትንንሾቹ በሰዓት ወደ 10 ሊትር ያወጣሉ። ቀድሞ አጠራቅሞ የሚያስቀምጥ በርሜልና ፓምፕ ያስፈልጋል፤ ከንጹሑ ውሃ ጋር የሚፈስስ ቆሻሻ ውሃም አለ። ክሎሪን ሜምብሬኑን ስለሚጎዳ ከፊቱ የከሰል ማጣሪያ ይቀመጣል። ማለስለሻዎ እዚህ ጋ ጥሩ ቦታ ያገኛል፤ ካልሲየም ሜምብሬኑ ላይ እንዳይጋገር ይከላከላልና። ከሬዚን ጣሳ በፊት ቢገባ ግን ምንም አይጠቅምም፤ ሬዚኑ ሶዲየምንም ካልሲየምንም እንደ ሸክም ነው የሚቆጥራቸው። ብዙ መኪና የሚያጥብ ሰው ሁለቱን ቢያገናኝ ጥሩ ነው፤ ሜምብሬኑ አብዛኛውን ካነሣ በኋላ ሬዚኑ የቀረውን 10 ወይም 15 ብቻ ስለሚያጸዳ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። በወር አንዴ ሁለቴ ለሚታጠብ አንድ መኪና ግን ይህ ሁሉ ማሽን ከልክ ያለፈ ይመስለኛል።

ጣሳም ሆነ ማሽን መግዛት ካልፈለጉ የተጣራ ውሃ፣ ማለትም ለመኪና ባትሪ የሚጨመረው ዐይነት፣ በእጅ በሚሞላ የግፊት መርጫ መጠቀም ይቻላል። የባትሪ ውሃ ሲሉ ግን ከባትሪ አሲድ ጋር አያምታቱት፤ ዕቃዎቹ አጠገብ ለአጠገብ ስለሚቀመጡ ነው ይህን የምለው። የዝናብ ውሃም በራሱ ማዕድን የለውም ለማለት ይቻላል፤ ጣሪያው ግን አቧራ አለው። የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን ካጠበ በኋላ የሚወርደውን ይያዙና በጥቅጥቅ ጨርቅ ያጥልሉት፤ ከዚያ በመስታወቱ ፈተና ይሞክሩት። ከአየር ማቀዝቀዣ ማሽን የሚንጠባጠበው ውሃም እንዲሁ ማዕድኑ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ አፈሰሱ እንምጣ፤ የማተኩረው እዚህ ላይ ነው። ንጹሕ ውሃ ይዘውም ነጠብጣብ የሚቀርባቸው ሰዎች አብዛኞቹ የቧንቧውን ውሃ አቅጥነው ትተውታል እንጂ አላስወገዱትም። እንዲህ ያስቡት፦ መኪናው ላይ 300 የሚያነብብ ግማሽ ሊትር የቧንቧ ውሃ ቀርቷል። በመርጫ ግማሽ ሊትር ንጹሕ ውሃ እንደ ጉም ቢረጩበትና ሁለቱ ቢደባለቁ፣ መኪናው ላይ ያለው አሁን 150 የሚያነብብ ውሃ ነው። ነጠብጣቡ ይቀንሳል፤ አይጠፋም። ንጹሑ ውሃ ሥራውን የሚሠራው አሮጌውን ገፍቶ ሲጥለውና እሱ ራሱ በቦታው ሲቀር ነው። ስለዚህ መፍሰስ አለበት።

ሥራው ከንጹሑ ውሃ በፊት ይጀምራል። የቧንቧውን ማለቅለቂያ ሲጨርሱ የቱቦውን ጫፍ መርጫ ይንቀሉና ውሃው በዝግታ፣ ሳይረጭ፣ እንደ አንሶላ ከጣሪያው ላይ እንዲወርድ ያድርጉ። በዝግታ የሚወርድ ውሃ የጠብታዎቹን አንገት እየያዘ ይጎትታቸዋል፤ በኃይል የሚረጭ ግን አዲስ ጠብታ ይዘራል። በዚህ መንገድ ብቻ ብረቱ ላይ ከሚቀረው ውሃ አብዛኛው ይወርዳል፤ ለንጹሑ ውሃ የሚቀረው ሥራም ጥቂት ይሆናል።

ከዚያ ወደ ሬዚኑ መስመር ይቀይሩ፤ ግን ወዲያውኑ መኪናው ላይ አያፍስሱ። ውስጡ 13 ሚሊሜትር የሆነ 15 ሜትር ቱቦ 2 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል፤ ያ ቱቦ ውስጥ ያለው አሁንም የቧንቧ ውሃ ነው። መሬት ላይ ይልቀቁት፤ መለኪያውም ጫፉ ላይ የሚወጣውን ያንብብ እንጂ ጣሳው ላይ ያለውን አይደለም። ብዙ ሰው ጣሪያውን የሚያለቀልቀው በዚህ በቀረው ውሃ ነው፤ ከዚያ «ጣሪያው ላይ ብቻ ለምን ይቀራል?» ብሎ ይጠይቃል።

ከጣሪያው ይጀምሩ፤ መስታወቶቹን፣ ኮፈኑን፣ የኋላውን ክዳን፣ በመጨረሻም ጎኖቹን ከላይ ወደ ታች። አንድ ዙር አይበቃም። የመጀመሪያው ዙር ይገፋል፤ የሚደርቀው ሁለተኛው ዙር ነው። የግፊት ማጠቢያ ማሽን ካለዎት ጥሩ ነው፤ የቤት ማሽኖች በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር ብቻ ስለሚጠቀሙ በአራት ደቂቃ ውስጥ በ30 ሊትር ገደማ ሁለቱንም ዙር ይጨርሳሉ። ሬዚኑ ከማሽኑ በፊት፣ በቧንቧውና በማሽኑ መካከል ይገባል። በቱቦ ብቻ ከሆነ ፍሰቱን ይቀንሱ።

ከዚያ ጎድጓዳዎቹ ይመጣሉ፦ የስፖኪዮው ሥር፣ የበር እጀታዎች፣ የመብራቶቹ ዳር፣ የሰሌዳው ጀርባ፣ የነዳጅ ክዳኑ፣ የመስታወቶቹ ጎማ። እነዚህ ቦታዎች የቧንቧ ውሃ ይደብቃሉ፤ መኪናው ደርቋል ብለው ሲዞሩ ቀስ እያሉ ይለቅቁታል። በበሩ ላይ ከስፖኪዮው ሥር ቁልቁል የሚወርድ ነጭ መስመር ካዩ ምንጩ ይኸው ነው። በእያንዳንዱ ላይ ንጹሑን ውሃ ጥቂት ሴኮንድ ያቆዩበት፤ በሮቹንም አንዴ ከፍተው ይዝጉ። ነፋሽ ማሽን ካለ እነዚህን ብቻ ቢነፉ ግማሹ ችግር ይቃለላል። መኪናውን ወዲያው አያንቀሳቅሱት፤ እርጥብ ቀለም የመንገድ አቧራ እየሳበ ሌላ ዐይነት ነጠብጣብ ይፈጥራል፤ ያኔ ውሃውን ቢወቅሱ ፍርድ ማጓደል ነው።

ሰዓቱም ይታሰብበት። ፀሐይ የመታው ጥቁር ኮፈን ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊግል ይችላል፤ በእንዲህ ያለ ብረት ላይ የቧንቧው ውሃ ንጹሑ ሳይደርስበት ይደርቃል። አንዴ የደረቀውን የካልሲየም ቅርፊት ደግሞ ንጹሕ ውሃ ተመልሶ አያሟሟውም፤ ቢያሟሟም በጣም በዝግታ ነው። ብረቱ ለእጅ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ ከሳሙናው ጀምሮ እስከ መጨረሻው መኪናው እርጥብ ሆኖ ይቆይ። ጠብታ እንደ አጉሊ መነጽር ፀሐይን ሰብስቦ ቀለም ያቃጥላል የሚለውን ግን አልቀበለውም፤ ብረት ላይ የተኛ ጠብታ ብርሃኑን የሚሰበስብበት ነጥብ ከቀለሙ በታች ነው የሚውለው። ቀለም የሚጎዳው በሙቀት የተከማቸው ማዕድንና ኬሚካል ነው።

አንድ ነገር በግልጽ ልንገርዎት፦ ንጹሕ ውሃ ቆሻሻ መኪናን አያድንም። በመርጨት ብቻ የታጠበ መኪና ላይ ስስ የመንገድ ቅባትና አቧራ ይቀራል፤ ውሃው 0 ቢያነብብም ሲደርቅ ያ ቅባት በየጠብታው ጠርዝ ይሰበሰባል። ነጠብጣቡን በእርጥብ ጣት ሲነኩት ግራጫ ወይም ቡናማ ከሆነ ማዕድን አይደለም፤ እጥበቱ ነው የጎደለው።

በሰም ወይም በሴራሚክ የተሸፈነ ቀለም ላይ ውሃው ክብ ክብ ጠብታ ይሠራል፤ ያምራል፤ ለነጠብጣብ ግን ይመቻል፤ እያንዳንዱ ኳስ ማዕድኑን በአንድ ቦታ ይሰበስባልና። ሽፋኑን አንሡ አልልም፤ እንዲህ ያለ መኪና ላይ በዝግታ ማፍሰሱ በእጥፍ አስፈላጊ ይሆናል።

ጨርቅ አልነካም ስላሉት ግን በሙሉ አልስማማም። ቀለም የሚፍቀው ጨርቁ ሳይሆን በጨርቁና በቀለሙ መካከል ያለው አሸዋ ነው። በደንብ በታጠበ መኪና ላይ ወፍራምና ንጹሕ የማይክሮፋይበር ፎጣ ዘርግቶ፣ ሳይጫኑ፣ ውሃውን እንዲጠጣ አድርጎ ማንሣት ከራሱ ከሳሙናው ስፖንጅ ያነሰ ጉዳት ነው ያለው። ለሬዚን የሚወጣውን ወጪ ለማይፈልግ ሰው ሙሉው መፍትሔ ይኸው ነው፦ በዝግታ ማፍሰስ፣ ከዚያ ሳይደርቅ በፎጣ ማንሣት። ውሃው 400 ቢሆንም ብረቱ ላይ ያልቀረ ጠብታ ምልክት አይተውም።

አሁን ያሉትን አሮጌ ነጠብጣቦች በተመለከተ፣ ቶሎ ይጀምሩ። የካልሲየም ካርቦኔት ምልክት በአሲድ ይሟሟል። ነጭ አቼቶ፣ አሲዱ 5 በመቶ ያህል የሆነውን፣ ከእኩል መጠን ንጹሕ ውሃ ጋር ደባልቀው ለስላሳ ጨርቅ ያርጥቡና በቀዝቃዛ ብረት ላይ አንድ ደቂቃ ያህል ያሳርፉት፤ ይጥረጉት፤ በብዙ ውሃ ያለቅልቁ። እንዳይደርቅበት ይጠንቀቁ፤ ቀለም በሌለው አሉሚኒየምና ቸርኬ ላይ አያፍስሱት። ሰም ካለ ስለሚያዳክመው ኋላ መቀባት ያስፈልጋል። አቼቶው ቢያልፍበትም ምልክቱ በቦታው ካለ ወይ ሲሊካ ነው፤ ወይም ማዕድኑ የላይኛውን ግልጽ ሽፋን በልቶታል። የተበላው በፖሊሽ ይነሣል፤ ሆኖም ይህ ሽፋን በአብዛኛው ከ40 እስከ 50 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ብቻ ስለሚወፍር፣ ፖሊሽ ባደረጉ ቁጥርም ከላዩ ስለሚነሣ፣ በየወሩ የሚደረግ ነገር አይደለም።

መስታወት ላይ የቆየ ሲሊካ ከሁሉም ይከፋል። ከመስታወቱ ጋር አንድ ዐይነት ነገር በመሆኑ አጥብቆ ይይዛል፤ አቼቶም አይነካውም። ለመስታወት የተሠራ፣ ሴሪየም ኦክሳይድ የሚባል ደቃቅ ዱቄት ያለበት ፖሊሽ በእርጥብ ስፖንጅ በትዕግሥት ቢሠሩበት ይለቅቃል። የፊት መስታወቱ ላይ ግን ከሾፌሩ ዐይን ትይዩ ባለው ቦታ አንድ ነጥብ ላይ አብዝተው አይፈትጉ፤ መስታወቱ እዚያ ላይ ከጎደጎደ የሚታየውን መንገድ ያዛባል።